ፔፐሩ «ክፈል» ሲላችሁ ወዴት ትሄዳላችሁ?

የምሠራው ዩኒቨርሲቲ ላይብረሪ ውስጥ ነው፤ ዲጂታል ክፍል። ቴሲስ የያዙ ተማሪዎች ወደ ጠረጴዛዬ ሲመጡ አብዛኞቹ የሚሉት አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ ፔፐሩን አገኘሁት፤ ግን ክፈል ይለኛል።» ላፕቶፑን ያዞሩልኛል። ርዕሱ አለ፣ አብስትራክቱ አለ፣ ከታች ሠላሳ አርባ ዶላር ተጽፏል። ለአንድ ፔፐር! ብሩ ቢገኝስ በየትኛው ካርድ ይከፈላል?

መክፈል አያስፈልግም። ከምትፈልጉት አብዛኛው በነጻ፣ ያውም በሕጋዊ መንገድ ይገኛል። ሰው የሚቸገረው በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሁሉንም ነገር አንድ ቦታ ይፈልጋል። ፔፐር፣ ዳታ፣ አዋጅ፣ አገር ውስጥ የተሠራ ቴሲስ፣ የብራና መጽሐፍ፣ እነዚህ አንድ ቦታ አይቀመጡም። ሁለተኛ፣ ስለ አገራችን የተጻፈውን በአንድ ስፔሊንግ ብቻ ይፈልግና «ምንም የለም» ብሎ ይነሳል። አለ። በሌላ ስፔሊንግ ነው ያለው።

ክፈል ያለውን ፔፐር

የፔፐሩን ሙሉ ርዕስ ኮፒ አድርጉና ጎግል ስኮላር ላይ በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አስገብታችሁ ፈልጉት። በኮምፒውተር ከሆናችሁ ከውጤቱ በስተቀኝ «ፒዲኤፍ» የሚል ሊንክ ካለ ነገሩ አለቀ። ከሌለ ቶሎ አትዝጉት። ከውጤቱ ሥር ትንሽ መስመር አለች፤ እዚያ ላይ «ኦል» ብሎ ቁጥር፣ ከዚያ «ቨርዥንስ» ይላል። እሱን ስትነኩት ያው ፔፐር የሚገኝባቸው ቦታዎች ይዘረዘራሉ። ከአሳታሚው ሌላ የጸሐፊው ዩኒቨርሲቲ ማከማቻ ብዙ ጊዜ እዚያ ዝርዝር ውስጥ አለ። ብዙ አሳታሚዎች ጸሐፊው የመጨረሻውን ረቂቅ በራሱ ዩኒቨርሲቲ እንዲያስቀምጥ ስለሚፈቅዱ ነው። የገጽ ቁጥሩ ከታተመው ጋር ላይገጥም ይችላል፤ ገጽ ጠቅሳችሁ የምትጽፉ ከሆነ ይህን አትርሱ።

ይህን በየፔፐሩ በእጅ መሥራት ከሰለቻችሁ አንፔይዎል የሚባል አለ። ክሮም ወይም ፋየርፎክስ ላይ የሚጫን ትንሽ ኤክስቴንሽን ነው። የፔፐሩ ገጽ ላይ ስትደርሱ በስተቀኝ በኩል የቁልፍ ምልክት ያወጣል። አረንጓዴ ከሆነ ንኩት፤ በነጻ ያለው ቅጂ ይከፈታል። ግራጫ ከሆነ አላገኘም ማለት ነው። ያኔ ኮርን እና ቤዝን ሞክሩ። ኮር የእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ፣ ቤዝ የጀርመኑ ቢለፌልድ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጁት መፈለጊያ ነው። ሁለቱም በዓለም ዙሪያ ያሉ የዩኒቨርሲቲ ማከማቻዎችን ያስሳሉ።

ጄስቶር የሚባለው የመጽሔት ፔፐሮች ማከማቻ ላይ በኢሜይላችሁ ነጻ አካውንት ስትከፍቱ በወር እስከ 100 ፔፐር ኦንላይን ማንበብ ትችላላችሁ። ዳውንሎድ አያስደርግም፤ ማንበብ ብቻ። ለታሪክ፣ ለአንትሮፖሎጂና ለፖለቲካ ሳይንስ ተማሪ ግን ትልቅ ነገር ነው። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ከ1963 ጀምሮ (ሌላ ካላልኩ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) የሚያሳትመው የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት እዚያ አለ።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀውን ልንገራችሁ። ሪሰርች ፎር ላይፍ ይባላል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ከአሳታሚዎች ጋር ተስማምተው ለድሃ አገር ተቋማት በነጻ ወይም በትንሽ ዋጋ የሚሰጡት ነው። የጤናው ሂናሪ በዓለም ጤና ድርጅት በኩል በ2002 ተጀመረ። የግብርናው አጎራ በምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) በኩል በ2003 ተከተለ። በኋላ የአካባቢ፣ የቴክኖሎጂና የሕግ ተጨመሩ። ኢትዮጵያ በነጻ ከሚጠቀሙት ምድብ ውስጥ ናት። ትልልቆቹ አሳታሚዎች፣ እነዚያው አርባ ዶላር የሚጠይቋችሁ፣ እዚያ ውስጥ አሉ። ግን የሚመዘገበው ተቋሙ እንጂ ተማሪው አይደለም። ስለዚህ ላይብረሪያችሁ ሄዳችሁ «የሪሰርች ፎር ላይፍ ዩዘርኔምና ፓስወርድ ስጡኝ» ማለት አለባችሁ። በቃ። ይህችን አንድ ጥያቄ ሳይጠይቅ የሚመረቀው ተማሪ ብዛት ያናድደኛል። ስትቀበሉ ግን አደራ፣ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ እንዳትለጥፉት። ፓስወርዱ ወጥቶ መዞሩ ከታወቀ የሚዘጋው ለመላው ዩኒቨርሲቲ ነው።

ይህ ሁሉ ካልሠራ ጸሐፊውን ራሱን ጠይቁት። ኢሜይሉ አብስትራክቱ ገጽ ላይ አለ። አራት መስመር ይበቃል፦ ማን እንደሆናችሁ፣ የት እንደምትማሩ፣ የቱን ፔፐር እንደምትፈልጉና ለምን። ሲቪ መላክ አያስፈልግም፣ ችግር መዘርዘርም አያስፈልግም። ተመራማሪ ሥራው ሲነበብለት ደስ ይለዋል፤ አንዳንዱ ያልጠየቃችሁትን ሁለት ሦስት ፔፐር ጨምሮ ይልካል።

በየቴሌግራም ቻናሉ የሚዘዋወረውን ሌላውን፣ ሕጋዊ ያልሆነውን መንገድ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጬ አልመክረውም። ደግሞ ከላይ ያሉትን በቅደም ተከተል የሞከረ ሰው ብዙም አያስፈልገውም።

ስለ አገራችን ስትፈልጉ

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ሊትሬቸር ሪቪው ላይ «በዚህ ርዕስ በኢትዮጵያ የተሠራ ጥናት የለም» የሚል ዓረፍተ ነገር ሳይ እጠራጠራለሁ። አንድ ተማሪ ስለ ሐዋሳ ሐይቅ ዓሣ ይህንኑ ጽፎ መጣ። ሐዋሳን የፈለገው በእንግሊዝኛው «ኤች» ጀምሮ ብቻ ነበር። «ኤች»ዋን አውጥተን በድሮው አጻጻፍ በ«ኤ» ስንጀምር ከ1980ዎቹ ጀምሮ የተሠሩ ጥናቶች ተከታትለው መጡ። ከነሱ አንዱ እሱ ሊሠራ ያሰበውን ሐይቁ ላይ ቀድሞ የሠራ ነበር።

ስለዚህ ሰርች ከማድረጋችሁ በፊት ወረቀት ላይ ስፔሊንጎቹን ጻፉ። ጎንደር ከመጨረሻው «አር» በፊት በ«ኤ»ም በ«ኢ»ም ይጻፋል። መቀሌ በአንድም በሁለትም «ኤል» ነው። አዳማ በድሮ ፔፐር ናዝሬት ናት፣ ቢሾፍቱ ደብረ ዘይት። ጤፍ በአንድ «ኤፍ»ም በሁለትም ይመጣል፤ ስለዚህ ሳይንሳዊ ስሙን፣ ኤራግሮስቲስ ጤፍን፣ ጨምሩበት። እንሰት በእንግሊዝኛ «ፎልስ ባናና» ተብሎም ተጽፏል። አካባቢውም እንዲሁ ነው። የደቡብ ክልል በ2020 ሲዳማ ከወጣበት ጀምሮ በየጊዜው ተከፋፍሎ በ2023 የድሮ ስሙ አበቃ። በፊት የተሠራው ጥናት ግን በሙሉ በድሮው ስም ነው ያለው። ከዚያም ወደ ኋላ ከሄዳችሁ ሐረርጌ፣ ከፋ፣ ሲዳሞ፣ ወሎ እያላችሁ መፈለግ ነው። ስፔሊንጎቹን አንድ ላይ ለመፈለግ በመካከላቸው «ኦር» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በትልልቅ ፊደል አስገቡ። ጎግል ስኮላርም ፐብመድም ይረዱታል።

የጸሐፊ ስም ሌላው ጣጣ ነው። የኛ ሰው አበበ ከበደ ሲባል ከበደ አባቱ ነው። የውጭው ካታሎግ ግን ከበደን የቤተሰብ ስም አድርጎ «ከበደ፣ አ.» ብሎ ያስቀምጠዋል። ሌላው ደግሞ የኛን ልማድ አክብሮ በአበበ ይመዘግበዋል። ያው ሰው በሁለት ስም ይቀመጣል። አያቱ ከተጨመረ ሦስት። አድቫይዘራችሁ የጻፈውን እንኳ ስትፈልጉ በሁለቱም አቅጣጫ ሞክሩ።

አገር ውስጥ የታተመውን መጽሔት ከፈለጋችሁ የመጀመሪያው ቦታ አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን ነው። በ1998 የተጀመረ፣ መቀመጫው ደቡብ አፍሪካ የሆነ የአፍሪካ መጽሔቶች ስብስብ ነው። ብዙ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች መጽሔቶች እዚያ አሉ። ቴሲስ ከሆነ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሮኒክ የቴሲስ ማከማቻ አለ፤ በርዕስ፣ በአድቫይዘር ስምና በዲፓርትመንት መፈለግ ይቻላል። ሌሎቹም ዩኒቨርሲቲዎች የየራሳቸው አላቸው። የትምህርት ሚኒስቴር ብሔራዊ አካዳሚክ ዲጂታል ላይብረሪም አለ፤ ለመማሪያ መጻሕፍት ደህና ነው። የአንዱ ማከማቻ ሰርች አልታዘዝ ካለ ከውጭ ግቡበት፦ ተራው ጎግል ላይ የምትፈልጉትን ቃል ጻፉ፣ ከዚያ «ሳይት» የሚለውን በእንግሊዝኛ፣ ሁለት ነጥብ፣ ቀጥሎም ቦታ ሳትተዉ ኢዲዩ፣ ነጥብ፣ ኢቲ። የአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ያለውን ብቻ ያመጣል።

የቴሲስ ትልቁ ጥቅም ግን ውጤቱ አይመስለኝም። መጠይቁ ነው። ከኋላ አባሪው ላይ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ የተተረጎመ፣ ተሞክሮ የሠራ መጠይቅ ታገኛላችሁ። ባለቤቱን ጠይቃችሁና ጠቅሳችሁ ብትጠቀሙበት ወራት ትቆጥባላችሁ።

ጤና

ፐብመድን ሁሉም የጤና ተማሪ ያውቀዋል። ፐብመድ እና ፐብመድ ሴንትራል ግን አንድ አይደሉም። ፐብመድ በመሠረቱ የአብስትራክት ማውጫ ነው፤ ከ1996 ጀምሮ በነጻ አለ። ፐብመድ ሴንትራል ደግሞ ከ2000 ጀምሮ ሙሉ ፔፐሩን ራሱን ያስቀምጣል። ፐብመድ ላይ ከሆናችሁ በግራ በኩል «ፍሪ ፉል ቴክስት» የሚለውን ምረጡ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ መጽሔት ከነሙሉ ጽሑፉ ፐብመድ ሴንትራል ውስጥ ይገኛል። ሲስተማቲክ ሪቪው ለሚያነብ ኮክሬን ላይብረሪ ኢትዮጵያ ውስጥ ሆኖ ለሚከፍተው ነጻ ነው።

ዳታ ላይ ስንደርስ ብዙው የማስተርስ ተማሪ የሚሄደው ወደ ዲኤችኤስ ነው፤ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳው። የኢትዮጵያ ዙሮች የ2000፣ የ2005፣ የ2011 እና የ2016 ናቸው፤ የ2019 አጭሩም አለ። የጥናታችሁን ሐሳብ በአጭሩ ጽፋችሁ ትመዘገባላችሁ፤ ሲፈቀድላችሁ ለስታታም ለኤስፒኤስኤስም የሚሆነውን ፋይል ታወርዳላችሁ።

ፋይሉን ስትከፍቱ አትደንግጡ። የ2016ቱ ዳሰሳ ቃለ መጠይቅ የተደረገበት ዓመት «2008» ይላል። ስህተት አይደለም። የኢትዮጵያ ዳታ ቀኖቹ በኛ ዘመን አቆጣጠር ናቸው። ዲኤችኤስ ቀንን የሚቆጥረው ከ1900 መጀመሪያ ጀምሮ ባሉት ወራት ነው። በዚህ ቁጥር ላይ 92 ስትደምሩ ወደ ፈረንጅ ይለወጣል፤ ልዩነቱ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ገደማ ስለሆነ ነው። ለምሳሌ ጥር 2008ን ውሰዱ። 108 ዓመት በ12 ሲባዛ 1296፣ ጥር አምስተኛ ወር ስለሆነ 1301። 92 ስትጨምሩ 1393። ይህም ጃንዋሪ 2016 ነው።

ሁልጊዜ መለወጥ ግን አያስፈልግም። የልጁ የልደት ቀንም የቃለ መጠይቁም ቀን በኛ ስለሆነ ዕድሜ ስታሰሉ አንዱ ካንዱ ተቀንሶ ትክክል ይመጣል። ጉድ የሚፈላው ዳታውን ከኬንያው ጋር ስታዋህዱ ወይም ከዝናብ መጠን ጋር ስታያይዙ ነው። ያኔ 92ን የረሳ ሰው በ2016 የተወለደውን ልጅ ከ2008 ዝናብ ጋር ያጋባዋል። ሶፍትዌሩ ደግሞ ምንም አይልም፣ ውጤት ይሰጣል።

አንድ ነገር ልጨምር። በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታ ሲቋረጥ የዲኤችኤስ ሥራ ቆሞ ነበር፤ አዲስ የዳታ ጥያቄ ማስተናገድም ተቋርጦ ብዙ ተማሪ መሐል መንገድ ላይ ቀረ። ነጻ ነገር ሁልጊዜ እዚያው ይጠብቀኛል አትበሉ። ርዕሳችሁ የጸደቀ ዕለት ዳታውንና መመሪያውን አውርዱ።

ኢኮኖሚክስ፣ ትምህርት፣ ግብርና

ለኢኮኖሚክስ ሰው አይዲያስ የሚባለው የሪፔክ ማውጫ ይበቃዋል ማለት ይቻላል። ታትሞ የተሸጠው ፔፐር ቀድሞ ዎርኪንግ ፔፐር፣ ማለትም ረቂቅ፣ ሆኖ በነጻ ወጥቶ ነበርና እዚያ ታገኙታላችሁ። የአሜሪካው የኢኮኖሚ ምርምር ተቋም፣ የኤንቢኢአር፣ ጥናቶች በታዳጊ አገር ለሚኖር ሰው ነጻ ናቸው። ለቤተሰብ ደረጃ ዳታ የዓለም ባንክ ማይክሮዳታ ላይብረሪ ውስጥ የኢትዮጵያ ሶሺዮኢኮኖሚክ ሰርቬይ አለ፤ የመጀመሪያው ዙር የ2011/12 ነው። ከአገራችን ስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ጋር የተሠራ ስለሆነ ኮሚቴ ፊት ክርክር አያስነሳም። ያንግ ላይቭስ የሚባለውም አለ፤ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ነው። ከ2002 ጀምሮ በኢትዮጵያ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በቬትናም ያሉ ልጆችን እየተከታተለ ነው። እነዚያ ልጆች አሁን ትልልቅ ሰዎች ሆነዋል። ስለ ልጅነትና ድህነት ለሚያጠና ሰው እንዲህ ያለ ዳታ በአንድ ማስተርስ በጀት አይሰበሰብም።

ትምህርት ላይ ኤሪክ አለላችሁ። የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር ማውጫ ነው። ሰርች ሳጥኑ ሥር ሁለት ትንንሽ ምርጫዎች አሉ፦ አንዱ ፒር ሪቪውድ የሆነውን (በሙያው ሰዎች የተገመገመውን) ብቻ፣ ሌላው ሙሉ ጽሑፉ ኤሪክ ላይ ያለውን ብቻ። ሁለቱንም ምልክት አድርጉና ፈልጉ።

ግብርና በነጻ ነገር የታደለ ነው። ዓለም አቀፍ የግብርና ምርምር ማዕከላት የጻፉትን ሲጂስፔስ የሚባል ማከማቻ ላይ ያስቀምጣሉ። ጉርድ ሾላ ግቢ ያለው የእንስሳት ምርምር ተቋም፣ ኢልሪ፣ የጻፈው እዚያ ነው። ስለ መኖ፣ ስለ በግ ማድለብ፣ ስለ ወተት ግብይት በኢትዮጵያ የተሠራ ከሆነ መጀመሪያ እዚያ ግቡ። የአገሮችን ምርት ለማወዳደር ፋኦስታት፣ ጽሑፍ ለመፈለግ አግሪስ አሉ።

የዝናብ ዳታ የሚፈልግ ተማሪ ደብዳቤ ይዞ ሲመላለስ አያለሁ። ደብዳቤውን አትተዉ፣ የጣቢያ ልኬት የሚተካው የለም። ግን ምላሹ እስኪመጣ ቺርፕስን አውርዱ። ከሳተላይትና ከመሬት ጣቢያ ተዳብሎ የተሠራ፣ ከ1981 ጀምሮ ያለ፣ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ በአምስት ኪሎ ሜትር የተከፋፈለ የዝናብ ዳታ ነው። የላንድሳት ሳተላይት ምስሎች ከ2008 ጀምሮ ለሁሉም ነጻ ሆነዋል፤ ሴንቲኔል 2 ደግሞ እስከ 10 ሜትር ድረስ አጥርቶ ያሳያል። ጎግል ኧርዝ ኢንጂን ላይ ከሠራችሁ ምስሉን ወደ ላፕቶፓችሁ ማውረድ አያስፈልግም፤ ስሌቱ እነሱ ኮምፒውተር ላይ ይሠራና ውጤቱን ብቻ ትወስዳላችሁ። በኛ ኔትወርክ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ፊዚክስ፣ ሒሳብና ኮምፒውተር ሳይንስ የምታጠኑ ብዙም አትቸገሩም። የፊዚክስ ተመራማሪው ፖል ጊንስፓርግ በ1991 የጀመረው አርካይቭ፣ ያ መሐሉ ላይ በ«ኤክስ» የሚጻፈው፣ ብዙውን ይዟል። እዚያ ያለው ገና ያልተገመገመ ሊሆን ይችላል፤ በኋላ የታተመ ቅጂ ካለ እሱን ጥቀሱ። በአማርኛ ቋንቋ ቴክኖሎጂ ላይ የምትሠሩ ኤሲኤል አንቶሎጂን፣ የዘርፉን ፔፐሮች ስብስብ፣ ሳታዩ ፕሮፖዛል አትጻፉ። ሁሉም ነጻ ነው። አማርኛ ብላችሁ ፈልጉ፣ ቀድሟችሁ ማን ምን እንደሠራ ይታያል።

ሕግ

የውጭ ዳታቤዝ ብዙም አይጠቅማችሁም። የሚያስፈልጋችሁ አዋጁና የሰበር ውሳኔው ነው። የነጋሪት ጋዜጣ እትሞችንና የጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔ ቅጾችን በነጻ የሚያቀርቡ የሕግ ድረ ገጾች አሉ፤ አቢሲኒያ ሎው አንዱ ነው። ሁልጊዜ ግን ሁለት ነገር አረጋግጡ። አዋጁ ተሻሽሏል ወይ? የአማርኛው ቅጂስ ምን ይላል? በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል ልዩነት ሲኖር የሚገዛው አማርኛው ነው። ለትንታኔ ደግሞ ሚዛን ሎው ሪቪው አለ፣ አፍሪካን ጆርናልስ ላይ ከነሙሉ ጽሑፉ።

ታሪክና ግዕዝ

እኔን ደስ የሚለኝ ይኼኛው ነው። ድሮ አንድ ብራና ለማየት ገዳም ድረስ መሄድ፣ ደጅ መጥናት ነበር። መሄዱ አሁንም የራሱ ጥቅም አለው። ግን ብዙው ሥራ ከወንበር ሳይነሱ የሚሠራ ሆኗል።

በ1973 የኢትዮጵያ ብራናዎችን በማይክሮፊልም የማንሳት ሥራ ተጀመረ። በየአብያተ ክርስቲያናቱና በየገዳማቱ ያሉ በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍት ተነሱ። ቅጂው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ባለው የሂል ሙዚየምና የብራና ላይብረሪ ተቀመጠ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን የሰጡበት ካታሎግ የዚያ ስብስብ ነው። አሁን ሪዲንግ ሩም በሚባለው ድረ ገጻቸው ላይ በነጻ ተመዝግባችሁ ገጽ በገጽ ማየት ትችላላችሁ። ፍለጋ ላይ የመጽሐፉን ስም በላቲን ፊደል ስትጽፉ ነጥብና ሰረዝ ያለባቸውን ፊደላት ተዉአቸው። ካልመጣ የስብስቡን ምህጻረ ቃልና የመጽሐፉን ቁጥር አስገቡ፤ ቁጥሩን በታተሙ ጥናቶች የግርጌ ማስታወሻ ላይ ታገኙታላችሁ። የቆየው ማይክሮፊልም ጥቁርና ነጭ ነው። ቀይ ቀለም የተጻፈው ከጥቁሩ ፈዘዝ ብሎ ይታያል፤ ስም ወይም ርዕስ የምትፈልጉ ከሆነ የፈዘዘውን ተከተሉ።

የሀምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ደግሞ ስሙን ከግዕዝ ወስዷል፤ ቤተ መጻሕፍት። ምስል ከማሳየት ይልቅ ስለ ብራናዎቹ ያለውን መረጃ ያስተሳስራል፦ አንድ ድርሰት በየትኞቹ ብራናዎች ውስጥ ይገኛል፣ የት ተቀምጠዋል፣ ማን ጻፋቸው። አዲስ ድርሰት ስትጀምሩ መጀመሪያ እዚያ፣ ከዚያ ወደ ምስሉ። የፈረንሳይ ብሔራዊ ላይብረሪ ጋሊካ በሚባለው ድረ ገጹ ላይ የአንቷን ዳባዲን፣ የ19ኛው መቶ ዘመን ተጓዥ፣ የብራና ስብስብ ያሳያል። የቫቲካን ላይብረሪም እንዲሁ ከግዕዝ ብራናዎቹ ኦንላይን ያወጣቸው አሉት።

ለጥናት መጽሔት ከ1955 ጀምሮ የወጣው አናል ዴቲዮፒ፣ ፔርሴ የሚባለው የፈረንሳይ ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይገኛል። አብዛኛው በፈረንሳይኛ ነው። ፈረንሳይኛ አላውቅም ብላችሁ አትለፉት፤ የማሽን ትርጉሙ ጭብጡን ለመያዝ ያህል ይረዳል፣ ካርታውና ሥዕሉ ደግሞ ትርጉም አይፈልግም። የድሮ ተጓዦች መጻሕፍት ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ ናቸው።

የእንግሊዙ ብሪቲሽ ላይብረሪ ለአደጋ የተጋለጡ መዛግብትን የሚያስቀርጽ ፕሮግራም አለው፤ የኢትዮጵያም አሉበት። በኦክቶበር 2023 የሳይበር ጥቃት ደርሶበት የኦንላይን አገልግሎቱ ለረጅም ጊዜ ተስተጓጉሎ ነበር። የሚያስፈልጋችሁን ገጽ ስታገኙ ቁጥሩን መዝግቡ፣ ፈቃዱ የሚፈቅድ ከሆነ ምስሉንም አስቀምጡ የምላችሁ ለዚህ ነው።

የጠፋ ሊንክና የሌለ ፔፐር

የድሮ ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ሲሆን አድራሻውም ተቀየረ። በድሮው አድራሻ የተጠቀሰ ሪፖርት ስትነኩት አይከፈትም። ኢንተርኔት አርካይቭ ውስጥ ዌይባክ ማሽን የሚባል ክፍል አለ። የሞተውን አድራሻ እንዳለ ኮፒ አድርጉና እዚያ አስገቡት። ያ ገጽ ድሮ የነበረበትን ቀን በካሌንደር ያሳያችኋል። የሚኒስቴር ሪፖርት ከዚያ ያወጣሁላቸው ተማሪዎች ብዙ ናቸው።

አዲሱ ጣጣ ደግሞ ከቻትቦት የመጣ ሪፈረንስ ነው። ተማሪዋ ዝርዝር ይዛ ትመጣለች፦ «ጋሼ፣ እነዚህን አውርድልኝ።» ርዕሱ ያምራል፣ የመጽሔቱ ስም እውነተኛ ነው፣ ዓመትና ገጽ አለው። ዲኦአይ ቁጥሩን፣ ያን በ10 የሚጀምረውን የፔፐሩን መለያ፣ ማረጋገጫው ገጽ ላይ ስናስገባው ስለ ሌላ ነገር የተጻፈ ፔፐር ይከፈታል። ወይም ምንም አይከፈትም። ክሮስሬፍ የሚባለው የዲኦአይ መዝገብ ላይ በርዕሱ እንፈልጋለን፤ የለም። መጽሔቱ ገጽ ገብተን ያንን ቅጽ እናያለን፤ እዚያም የለም። ፔፐሩ ተጽፎ አያውቅም። ከቻትቦት ኪወርድ ጠይቁ፣ ተመሳሳይ ቃላት ጠይቁ፣ በዚህ ጎበዝ ነው። ሪፈረንስ ግን ራሳችሁ ያልከፈታችሁትን ቴሲሳችሁ ላይ አታስገቡ።

በኢሜይል «ፔፐርዎን በሦስት ቀን እናትማለን» የሚል መጽሔትም ይመጣባችኋል። ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ዲኦኤጄ የሚባለው የነጻ መጽሔቶች ማውጫ ላይ መኖሩን እዩ። በ2003 በስዊድን ሉንድ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ነው፤ መጽሔቶችን መርምሮ ነው የሚያስገባው።

ያገኛችሁትን ማስቀመጥ

ዞተሮ የሚባለውን የሪፈረንስ መያዣ ፕሮግራም ጫኑ። ነጻ ነው። ብራውዘራችሁ ላይ ምልክቷን ስትነኩ ፔፐሩን ከነመረጃው ይይዝላችኋል፤ ወርድ ላይ ደግሞ ሪፈረንሱን ራሱ ይጽፋል። ለኛ አንድ ማስተካከያ ብቻ ይፈልጋል። ጸሐፊው አበበ ከበደ ሲሆን ዞተሮ ከበደን ፊት አምጥቶ «ከበደ፣ አ.» ያደርገዋል። ዲፓርትመንታችሁ በራስ ስም ጥቀሱ የሚል ከሆነ ከስሙ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ምልክት ንኩና ሁለቱን ሳጥን አንድ አድርጉት። ከዚያ በኋላ ስሙ ሳይገለበጥ፣ አበበ ከበደ ተብሎ ይወጣል። ይህን ገና ሲገባ አድርጉት። መቶ ሃምሳ ሪፈረንስ ከተከማቸ በኋላ አንድ በአንድ ማስተካከል ያታክታል።

ነጻው የዞተሮ ኦንላይን ቦታ 300 ሜጋባይት ነው፤ የሪፈረንሱ መረጃ እንደልብ ይቀመጣል፣ ፒዲኤፉ ግን ቶሎ ይሞላዋል። ከባድ ፋይሎችን በሌሊት ጥቅል አውርዱና በፍላሽም ያዙ። ዲፌንስ ሲቃረብ ላፕቶፑ እምቢ ያለው ተማሪ በየዓመቱ አይጠፋም።